የቴአትር ስያሜዎቻችንና የሁለተኛ ቋንቋ ተማሪው፦ ከድሬዳዋ አንፃር

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በአማርኛ ስለ ቴአትር የምንጽፍባቸውና የምንወያይባቸው ስያሜዎች አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋቸው አድርገው ለሚማሩ ተማሪዎች እንዴት ሊብራሩ እንደሚችሉ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ለማሳያነት የተመረጠችው ድሬዳዋ ናት። ከተማዋ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ፣ በሐዲዱ ኩባንያ በኩል ደግሞ ፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ሲነገሩባት ኖረዋል። በከዚራም ሆነ ከደቻቱ ማዶ በመጋላ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ መገበያየትና መጨዋወት ለነዋሪው ብርቅ አይደለም። የከተማዋ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይጀምራሉ።

በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ትምህርቱን የጀመረ ተማሪ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ሲደርስ «ገቢር»፣ «ትዕይንት»፣ «ገፀ ባሕርይ»፣ «ሴራ»፣ «መቼት»፣ «ጡዘት» የሚሉ ስያሜዎች በአንድ ጊዜ ይጠብቁታል። እዚህ ላይ የሚያሳስበው የስያሜዎቹ ብዛት አይደለም። የሚያሳስበው፣ ስያሜውን ያላወቀ ተማሪ ተውኔቱን እንዳልተረዳ ተደርጎ ሊገመት መቻሉ ነው። ተውኔቱን አይቶ በሚያስቀው የሳቀ፣ በሚያሳዝነው ያዘነ ተማሪ «የተውኔቱን ጡዘት አመልክት» ሲባል ዝም ቢል፣ የጎደለው ማስተዋል ሳይሆን አንድ ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ሁለቱን ለይቶ ካላየ ፈተናው የሚለካው የተውኔት ዕውቀትን መሆኑ ይቀራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ከግዕዝ የተወሰዱት ስያሜዎች ከባድ፣ በዕለት ተዕለት አማርኛ የሚታወቁት ደግሞ ቀላል ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ግምቱ ግማሽ እውነት ብቻ ያለው ነው። ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ ከግዕዝ የመጡት ስያሜዎች አወቃቀር ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስቱት ተማሪው «አውቃቸዋለሁ» ብሎ የሚያልፋቸው ተራ የሚመስሉ ቃላት ናቸው።

የስያሜዎቹ ምንጮች

የአማርኛ የቴአትር ስያሜዎች ከሦስት ምንጮች የተቀዱ ናቸው። ደበበ ሰይፉ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንፃር» በሚል ርእስ አንድ መጽሐፍ አበርክተዋል። ርእሱን ብቻ ብንመለከት የቃላቱ ልዩነት ይታየናል። «ቴአትር» ከውጭ የመጣ ቃል ነው። «ጸሐፌ ተውኔት» የግዕዝ ስያሜ ነው። «አንፃር» ደግሞ ማንም አማርኛ ተናጋሪ በየዕለቱ የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ከውጭ የመጡት ቃላት በየዘመኑ መንገዳቸውን ለውጠዋል። የዘመናዊው የኢትዮጵያ ተውኔት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል። ደራሲው በሩሲያ የተማሩ፣ በኋላም ለድሬዳዋ ጎረቤት በሆኑት በጅጅጋና በጨርጨር በገዥነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በርእሳቸው ውስጥ ያሉት «ፋቡላ» እና «ኮመዲያ» ሁለቱም የውጭ ቃላት ናቸው። ዛሬ «ኮመዲያ» የሚል ሰው የለም፤ ቃሉ «ኮሜዲ» ሆኗል። ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን ተውኔት ወደ አማርኛ ሲመልሱ የልጅቷን ስም «ዡልዬት» ብለው መጻፋቸውም የዘመኑ የተማረ ሰው ለፈረንሳይኛ የነበረውን ቅርበት ያሳያል። በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን «ዳይሬክተር»፣ «ስክሪፕት»፣ «ሜካፕ» የመሳሰሉት ቃላት በዚያ በር ገቡ።

ከግዕዝ የመጡት ስያሜዎች ፊደላቸው የከበደ ቢመስልም ፍችያቸው ሲገለጥ ቀላል ነው። «ተውኔት» በግዕዝ «ተዋነየ» ማለትም ተጫወተ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ስለዚህ መሠረቱ ጨዋታ ነው። እንግሊዞች «ፕሌይ»፣ ጀርመኖች «ሽፒል» የሚሉትም በዚሁ ሐሳብ ነው። «ተዋናይ» የሚለው ቃል ከዚሁ ግሥ ይወለዳል፤ ሲበዛ «ተዋንያን» ይሆናል። «ገቢር» መሥራት፣ ማድረግ ነው። «መድረክ» በግዕዝ የበር መግቢያ፣ ደፍ ማለት ነው። «ትዕይንት» በግዕዝ ሰፈርንና በአንድ የሰፈረ ሕዝብን ያመለክት ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን ለዓይን የሚቀርብ ነገር ሆኗል።

ሦስተኛው ምንጭ ራሱ አማርኛ ነው። «መቼት» ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። ቃሉ «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት የጥያቄ ቃላት የተበጀ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ በአንድ ቃል ይሰበስባል። ይህንን ጨምሮ ለበርካታ የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች መበጀት የደበበ ሰይፉ ስም ይነሣል። «ጡዘት» ም «ጦዘ» ከሚለው ግሥ የተወሰደ ነው። የተወጠረ ገመድ፣ የጋለ ክርክር ይጦዛል፤ የተውኔቱም ግጭት ከዚህ በላይ ሊወጠር ከማይችልበት ሲደርስ ጦዘ እንላለን። ሁለቱም ስያሜዎች አንድ ጊዜ ከተፈቱለት ተማሪው ዳግመኛ አይረሳቸውም።

የተማሪው ቋንቋ ምን ይዞ ይመጣል?

የድሬዳዋ ተማሪ ወደ ክፍል የሚገባው ባዶውን አይደለም። ሶማሊኛ ተናጋሪው ለተውኔት «ሪዋያድ»፣ ለመድረክ «መስራሕ»፣ ለቴአትር ቤት «ቲያታር» የሚሉ ቃላት አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዐረብኛ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ «ሪዋያድ» መሠረቱ መተረክ፣ ማውራት ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዲራማ»፣ «ቲያትራ»፣ ለመድረክም «ወልተጂ» ይላል። እንግዲህ አማርኛው ጥበቡን በጨዋታ፣ ሶማሊኛው በትረካ፣ ለብዙ ቋንቋዎች የተረፈው የግሪኩ ቃል ደግሞ በማየት ሰይመውታል ማለት ነው። ሦስቱም የቴአትር ባሕርያት ናቸው። መምህሩ ይህንን ንጽጽር በሰሌዳው ላይ ቢያሰፍር ተማሪው የራሱ ቋንቋ ለትምህርቱ አስተዋጽኦ እንዳለው ይረዳል።

ከቃላቱ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የአወቃቀር ጉዳይ ነው። በአማርኛ ዘርፍ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ «የተውኔት ጸሐፊ»፣ «የቤት ባለቤት» እንላለን። በግዕዝ ግን ባለቤቱ ይቀድምና ዘርፉ ይከተላል፤ የባለቤቱም የመጨረሻ ፊደል ድምፁን ይለውጣል። «ጸሐፊ» «ጸሐፌ ተውኔት»፣ «ቃል» «ቃለ ተውኔት»፣ «ገጽ» «ገፀ ባሕርይ» የሚሆነው በዚህ ሥርዐት ነው። አማርኛ አፍ የፈታ ልጅ ይህንን ተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል በጥናት ይለምደዋል።

ኦሮምኛና ሶማሊኛ ግን ባለቤቱን የሚያስቀድሙ ቋንቋዎች ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪው «አባ ገዳ»፣ «አባ ዱላ» ሲል አባትን አስቀድሞ ገዳንና ዘመቻን ያስከትላል። ትምህርት ቤትንም «መነ በሩምሳ» ሲል ቤትን አስቀድሞ ትምህርትን ያስከትላል፤ ይህም «ቤተ መጻሕፍት» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሶማሊኛ ተናጋሪው ብሔራዊ ቴአትርን «ቲያታርካ ቀራንካ» ሲለው ቴአትርን አስቀድሞ ብሔርን ያስከትላል። ስለዚህ «ጸሐፌ ተውኔት» የሚለውን ስያሜ በቅደም ተከተሉ የሚያውቀው እሱ ነው ማለት ይቻላል። መምህሩ «ይህ ግዕዝ ነው፤ ሸምድዱት» ከሚል ይልቅ «በቋንቋችሁ እንደምትሉት ነው፤ ባለቤቱ ቀድሟል» ቢል የከበደው ይቀላል።

ሁለት ነገሮች ግን ለብቻ መነገር አለባቸው። አንደኛው፣ ስያሜው በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የእመርነት ምልክቱ በስተመጨረሻ መሆኑ ነው። «ጸሐፌ ተውኔቱ» ስንል የታወቀው ተውኔቱ ሳይሆን ሰውየው ነው። ሁለተኛው የብዛት ጉዳይ ነው። «ጸሐፌ ተውኔት» ሲበዛ «ጸሐፍተ ተውኔት» ይሆናል፤ የተለወጠው የመጀመሪያው ቃል ነው። «ገፀ ባሕርይ» ግን «ገፀ ባሕርያት» ይሆናል፤ የተለወጠው ሁለተኛው ነው። ይህንን ልዩነት በአንድ ደንብ ለመጠቅለል ከመሞከር ሁለቱን ቅርጾች አብሮ ማስያዝ ይበጃል።

ቀላል መስለው የሚያሳስቱ ቃላት

ይህ ዓይነቱ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚማር ጀርመንኛ ተናጋሪም ይገጥመዋል። በጀርመንኛ የተውኔት ልምምድ «ፕሮበ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ «ፕሮብ» ምርመራ ነው። የተውኔት አዘጋጅ በጀርመንኛ ከፈረንሳይኛ በተወሰደ ቃል «ሬዢሰር» ሲባል፣ እንግሊዙ «ዳይሬክተር» ይለዋል፤ ለጀርመኑ ግን «ዲሬክቶር» የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ተማሪው የሚሳሳተው ቃሉን ስለማያውቀው ሳይሆን በሌላ ፍች ስለሚያውቀው ነው።

በአማርኛም «ዳይሬክተር» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ተውኔቱን ለመድረክ የሚያበቃው ሰው «አዘጋጅ» ይባላል። ነገር ግን «አዘጋጅ» በጋዜጣ ቤት ጽሑፍ የሚመርጠውና የሚያርመው ሰው ነው፤ በጓዳ ደግሞ ምግብ የሚያሰናዳው ነው። ተማሪው «አዘጋጁ እገሌ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲያነብ ጽሑፉን ያሰናዳው፣ ማለትም የጻፈው፣ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ደራሲ» እና «አዘጋጅ» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው ይነገር፤ አንዱ ጽፎ ይሰጣል፣ ሌላው ተዋንያንን መርቶ በመድረክ ላይ ነፍስ ይዘራበታል።

«ጥናት» ሌላው አሳሳች ቃል ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥናት ማለት ምርምር ወይም ለፈተና መዘጋጀት ነው። የቴአትር ባለሙያዎች ግን «ቴአትሩ ጥናት ላይ ነው» ሲሉ ልምምድ ላይ መሆኑን መናገራቸው ነው። «ቃለ ምልልስ» በጋዜጣና በሬዲዮ ጠያቂና ተጠያቂ የሚነጋገሩበት ነው፤ በተውኔት ውስጥ ገፀ ባሕርያት የሚለዋወጡትን ንግግር «ምልልስ» ማለት ከዚህ ይለየዋል። «ገቢር»ን ተማሪው በሰዋስው ክፍል ከ«ተገብሮ» ጋር ተጣምሮ አግኝቶት ይሆናል፤ በተውኔት ግን በርካታ ትዕይንቶችን የሚያቅፍ ትልቅ ክፍል ነው። «ግጭት» ሲባልም በመንገድ የተላተሙ መኪናዎች እንጂ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የሚሟገቱ ሁለት ፍላጎቶች ላይታዩት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «ሴራ» ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሴራ በድብቅ የሚጠነሰስ ተንኮል ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ተሳስረው የሚዋቀሩበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛውም በአንድ ቃል ሁለቱንም ፍች ይይዛል። ለኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ሦስተኛ ፍች ይጨመራል፤ በኦሮምኛ «ሴራ» ሕግ፣ ሥርዐት ማለት ነው። ስለዚህ «የተውኔቱን ሴራ አብራራ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ አንዱ ተማሪ ተንኮለኛውን ገፀ ባሕርይ፣ ሌላው የተውኔት አጻጻፍ ደንብን ሊያብራራ ይችላል። ሁለቱም በየበኩላቸው ቃሉን በትክክል አንብበዋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት «ኦቴሎ» ልዩነቱን ለማስረዳት ይመቻል። በዚህ ተውኔት ኢያጎ ኦቴሎን ለማጥፋት ሴራ ይጠነስሳል፤ ይህ የገፀ ባሕርዩ ሴራ ነው። የዴዝዴሞና መሐረብ መጥፋት፣ ከሌላ ሰው እጅ መገኘቱ፣ የኦቴሎ ጥርጣሬ እየበረታ መሄዱና በመጨረሻ የሚደርሰው ግድያ በምክንያትና በውጤት መያያዛቸው ደግሞ የተውኔቱ ሴራ ነው። የኢያጎ ሴራ በተውኔቱ ውስጥ ያለ አንድ ድርጊት ነው፤ የተውኔቱ ሴራ ግን ኢያጎንም ጭምር ያቀፈ መዋቅር ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪውም የራሱን ቃል መጣል አያስፈልገውም፤ ድርጊቶች የሚመሩበት ሥርዐት ነው ብሎ ቢያስታውሰው ከፍችው ብዙ አይርቅም።

ስያሜ ያለ ግሥ አይቆምም

የስያሜ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝር ነው። ተማሪው ሃያ ስሞችን ሸምድዶ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቢያቅተው የጎደለው ግሡ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ከሚሄድበት ግሥ ጋር ይቅረብ። ተውኔት ይጻፋል፣ ይዘጋጃል፣ ይጠናል፣ ለመድረክ ይበቃል፣ ይቀርባል፣ ይታያል። ተዋናይ ይተውናል፤ በተለመደው አነጋገርም «ቴአትር ይሠራል» እንላለን። «ሐምሌትን ሆኖ ሠራ» ወይም «ሐምሌትን ወክሎ ተጫወተ» ማለት ይቻላል፤ «ሐምሌትን አደረገ» ግን አማርኛ አይደለም። መጋረጃ በእንግሊዝኛ «ይነሣል፣ ይወድቃል»፤ በአማርኛ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ግጭት ይነሣል፣ ይከርራል፣ ይጦዛል፣ ይፈታል። ታዳሚ ይታደማል፤ ቃሉ በግብዣ መገኘትን ስለሚያስታውስ ተመልካቹ እንግዳም መሆኑን ይጠቁማል።

ድምፅና ጽሕፈት

አንድን ስያሜ አለማወቅና ስያሜውን አለመጥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኦሮምኛ ጠ፣ ቀ እና ጨ አሉ፤ የጸ ድምፅ ግን የለም። ስለዚህ «ጸሐፌ» በኦሮምኛ ተናጋሪው አፍ ወደ ጠ ቢያዘነብል አያስደንቅም፤ አማርኛ ተናጋሪውም በብዙ ቦታ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» ይላል። ሶማሊኛ ተናጋሪው እንደ ጠ፣ ጨ እና ጸ ላሉት ፈንጂ ድምፆች ልምምድ ያስፈልገዋል። በአንፃሩ የሐ እና የዐ ድምፆች በቋንቋው ውስጥ ስላሉ፣ አማርኛ ተናጋሪው ከሀ እና ከአ ጋር የቀላቀላቸውን እሱ ለይቶ ሊጠራቸው ይችላል። «ጸሐፌ» እና «ትዕይንት» በሚሉት ቃላት ውስጥ ፊደሉ የጠበቀውን ጥንታዊ ድምፅ የሚያሰማው ይህ ተማሪ ነው። ይህንንም እንደ ስሕተት ማረም አይገባም።

በጽሕፈት በኩል «ቴአትር»፣ «ቲያትር»፣ «ትያትር» እና «ቴያትር» ሁሉም በሕትመት ይገኛሉ። ተማሪው አራቱንም አንድ ቃል መሆናቸውን ይወቅ፤ በራሱ ጽሑፍ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ይጠቀምበት። «ገፀ» እና «ገጸ»፣ «ጸሐፌ» እና «ፀሐፌ»ም እንደዚሁ ናቸው። በፊደል ምርጫ ብቻ ነጥብ መቁረጥ የተውኔት ዕውቀትን አይለካም።

አንድ የማስተማሪያ አብነት

ከዚህ በላይ የተጠቀሱትን ስያሜዎች በዝርዝር ከማቅረብ ይልቅ በአንድ ትዕይንት ላይ አሰባስቦ ማሳየት ይቻላል። ለዚህ የሚመቸው የ«ሐምሌት» ሦስተኛ ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ ሌላ ተውኔት ይቀርብበታልና።

መቼቱ የዴንማርክ ቤተ መንግሥት ነው። ሐምሌት ለተዋንያኑ ቃለ ተውኔቱን እንዴት እንደሚናገሩና እጃቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ ይነግራቸዋል፤ በዚህ ጊዜ የአዘጋጅነት ሥራ እየሠራ ነው። ከነባሩ ተውኔት ላይ የራሱን ስንኞች እንዲጨምሩለት ቀደም ብሎ ጠይቋልና በከፊል ጸሐፌ ተውኔትም ሆኗል። ንጉሡና ንግሥቲቱ ታዳሚዎች ናቸው። ከተዋንያኑ አንዱ ንጉሥን ወክሎ ይጫወታል፤ በአትክልት ሥፍራ ተኝቶ ሳለ በጆሮው መርዝ ይፈስበታል። ይህንን ያየው እውነተኛው ንጉሥ ደንግጦ ይነሣል፤ መብራት እንዲመጣ ያዛል፤ ተውኔቱም ይቋረጣል። ሐምሌት የተጠራጠረው ሁሉ በዚህ ስለተረጋገጠለት ግጭቱ ይከርራል።

ተማሪዎች ይህንን ትዕይንት በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለጓደኞቻቸው እንዲተርኩ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ድርሻ በአማርኛ ስያሜው እንዲጠሩ፣ በመጨረሻም ስያሜውን ከግሡ ጋር አዋሕደው አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ተማሪው ነገሩን መረዳቱ አስቀድሞ ይታያል፤ ስያሜው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ ትረካው በሦስት ቋንቋ ሊሰማ መቻሉ እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ሀብት መታየት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው የአማርኛ የቴአትር ስያሜዎች ከግዕዝ፣ ከውጭ ቋንቋዎችና ከአማርኛው ከራሱ የተገኙ ናቸው። ከግዕዝ የመጡት በአወቃቀራቸው ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ተናጋሪ የቀረቡ ስለሆኑ ከመሸምደድ ይልቅ በማነጻጸር ሊቀርቡ ይገባል። «አዘጋጅ»፣ «ጥናት»፣ «ሴራ» እና መሰሎቻቸው ግን የታወቁ ስለሚመስሉ ያለ ማብራሪያ መታለፍ የለባቸውም። የፈተና ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ደግሞ ጥያቄውን ከማተሙ በፊት በውስጡ ያሉትን ስያሜዎች በዚህ ዓይን ቢመረምራቸው፣ ተማሪው ተውኔቱን ምን ያህል እንደተረዳው በትክክል ለማወቅ ይችላል።